ቀን የተጻፈበት ጄሶ

ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ስመታ ኖርሁ፣
የተቋራጭ ፈቃድ ሳድስና ስሰርዝ፣ ከአንድ ወንበር ሸበትሁ።
«መሐንዲሱ ማን ነው? ዲፕሎማው የታለ?
ግብሩ ተከፍሏል? የማሽኑ ሊብሬ ተያይዞ አለ?»
ካለ — ጧ!
ወረቀት ከሞላ ምን ነገር ይጎድላል፣
ሰውየው አመስግኖ ደረጃውን ወርዶ ሊገነባ ይሄዳል።
በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጭብጥ አፈር
ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም ነበር።

ጡረታ ስወጣ
በማኅበር የደረሰኝ መቶ ሃምሳ ካሬ ቦታ ነበረኝ፣
ከዘንዘልማ መንገድ ገባ ብሎ፣
ጣና ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭበት።
አፈሩ ጥቁር፤
በክረምት የሚያብጥ፣ በሚያዝያ የሚተረተር፣
የጥጃ እግር የሚውጥ።
ባለቤቴ ባንቻየሁ «ሰው ጠይቅ እንጂ» ብትለኝ
«ሁሉንም በደረጃ የደረደርኋቸው እኔ ነኝ» አልኋት፣ ኩራት ይዞኝ።

ሁለት ሰው ዋጋ አቀረበ።

አንማው በእግሩ መጣ፤ አካፋ ከጎረቤት ተዋሰ፣
እስከ ጉልበቱ ቆፈረ፣ ጭቃውን በመዳፉ ለወሰ፣
እንደ ክር አንከባለለው። ሳይበጠስ ሲረዝምበት
ራሱን ነቀነቀ።
«ጋሼ፣ ይኼ አፈር ጠጪ ነው፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማው ይሸሻል፤
ሁለት ሜትር ወጥቶ ገረጋንቲ ካልገባ፣ ቤትዎ ታንኳ ይሆናል።»
ዋጋው ከፍ ያለ ነበር፤ ቁፋሮውን ቆጥሮት።
«ፈቃድህስ?» አልሁት።
አካፋውን በሣር ጠረገ።

ስንሻው በፒክአፕ መጣ። ቦታውን በመስኮት አየና
ፈቃዱን ዘረጋ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ንጹሕ።
ከግርጌው ፊርማዬ፣ ያቺ ጅራቷን የምትጎትት፤
ልጁን ሠርግ ላይ እንዳየ አባት ደስ አለኝ ሳያት።
ሠላሳ በመቶ ቅድሚያ ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቤቱ አለቀ፣ ገባን። በሁለተኛው ሐምሌ የሳሎኑ በር አልዘጋ አለ፣
ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ አንድ መስመር በቀለ፤
በብሎኬቱ መጋጠሚያ፣ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ጎን፣
ደረጃ በደረጃ ወጣ።
ማንም ሳያድስለት፣ ማንም ሳያሳድገው፣
ነሐሴ ሳይገባ ጣሪያውን ነካ።
ስልክ ደወልሁ።
«የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም።»
ባንቻየሁ ሰምታ፣ «ይህቺ ሴትዮ እንኳ አዘነችልህ» አለች።

አቤቱታ ይዤ ወደ ድሮ ቢሮዬ።
ወንበሬ ላይ ያለችው ልጅ «ጋሼ» ብላ ተነሣችልኝ፣
የስንሻውን ፋይል ከመደርደሪያ አወረደችልኝ።
መሐንዲስ፦ ልዑልሰገድ። አድራሻ፦ ደሴ።
«ይህን ስም አውቀዋለሁ» ብላ ሌላ ፋይል ሳበች፣ ሌላም፣ ሌላም፤
አራት ድርጅት፣ አንድ ዲፕሎማ።
ሰውየው ጣናን በዓይኑ አይቶት አያውቅም ይሆናል፤
ወረቀቱ ግን በየዓመቱ በኪራይ መጥቶ እዚህ ይውላል።
አራቱም ላይ ያቺው ፊርማ፣ ጅራቷን የምትጎትት።
ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤
እኔ የማኅተሙን ቀለም አየሁ፣ ከዳር ዳሩ ደርቋል።
ፎርሙ ላይ «ተከሳሽ» ከሚለው ፊት እስክሪብቶዬ ቆመ።
የስንሻውን ስም ጻፍሁ።
ቦታ ተርፎ ነበር።

አንማው ሲመጣ «ብዬዎት ነበር» አላለም።
ጄሶ በጣሳ በጠበጠ፣ ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ለጠፈ፣
ከመድረቁ በፊት በምስማር ቀኑን ጻፈ፦
ነሐሴ ፲፪።
«ይኼ ከተሰነጠቀ፣ ቤቱ ገና መንገድ ላይ ነው፤
ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»
«ስንት ልክፈልህ?»
«የጄሶውን።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ግድግዳ አነባለሁ፤
ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው፣ ቀን ብቻ ያለው ሰነድ።
የላይኛው ደኅና ነው። የመሐሉም ደኅና።
ከታችኛው፣ ከ፲፪ቱ በስተግራ፣ ፀጉር የምታህል መስመር —
ወይስ የምስማሩ ጭረት ናት?
ባንቻየሁ ከውስጥ «እንዴት አደረ?» ትለኛለች፣
የታመመ ያለን ይመስል።
መነጽሬን ላመጣ እገባለሁ፣
በሩን በትከሻዬ ገፍቼ።