ምስክር ቁጥር ሦስት

አረቡ ደወለ፥ ገና ሳይነጋ፥
የጦሳ ጉም ወርዶ ፒያሳን ሲዘጋ።
«እብሬ፥ መታወቂያህ አላለፈበትም?»
«አላለፈበትም።»
«ሦስት ሰው ይላሉ፥ ሁለት ብቻ አለን፤
ለሉባባ ወረቀት ምስክር ሁንልን።»

ሉባባ ስዊድን ለአራስ ጥየቃ
የሄደች፥ ሻንጣዋን በአጥሚት ጠቅጥቃ፥
ዘጠና ቀን ብቻ፥ በጎብኚ ቪዛ፥
«እመለሳለሁ» ስትል ቃሏን በፊርማ አሲዛ።
ያኔ «ገባች» ሲሉን እሰይ ብለን ነበር፤
ዛሬ «ልታገባ ነው»፤ ይኸው ሌላ ነገር።
በ«ገባች» በ«አገባች» አንድ አ ናት ልዩነቷ፥
አንዲት ፊደል ብቻ፤ ባሕር ነው ስፋቷ።

ሰውየው ሆካን ነው፥ የጀልባ ጠጋኝ፤
አረቡ በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ።
ጢሙ የበቆሎ ጸጉር፥ ሳቁ የዋህ ነገር፤
ልጠላው ፈልጌ፥ ሰበብ ሲቸግር
ስልኩን መለስኩለት።

ወሳኝ ኩነት ቢሮ፥ ሦስተኛው መስኮት።
ጋሼ ይመር ሰፊው፥ ከሸሚዙ እጅጌ
ብጥስጣሽ ክር ይለቅማል፤ እትዬ የሺም መጣች፥
በጠዋቱ ብርድ ጉልበቷን እያሸች።
«አግብታ ታውቃለች?» አለች ጸሐፊዋ፥
ከኪቦርዱ ላይ ሳይነሳ ዓይኗ።
ጋሼ ይመር፦ «ኧረ! ከመድኃኒት ቤቷ
ሌላ የት ታውቅና፥ ከቤት በስተቀር!»
እትዬ የሺ፦ «እኔ በግቢው እያለሁ
ማን ደፍሮ ሊያገባት!»
ተራው እኔ ጋ ደረሰ።
«አግብታ ታውቃለች?»
«ወላሂ፥ አታውቅም።»
«በምን አወቅህ አንተ?»
በሌላ መመለስ ይቻል ነበር፤ ግን
እውነቱ ቀደመኝ፦ «ሽማግሌ ልኬ
እኔንም አላገባች።»

ኪቦርዱ ዝም አለ። ጋሼ ይመር ሳለ።
ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፥ ቆየች፤
«ይኼ ይበቃል» አለች፤
ማኅተሙን ተንፍሳ ወረቀቱን መታች።
ሌላው ሰው ፍቅሩን በደብዳቤ ይጽፋል፥ ሲባል እሰማለሁ፤
እኔ በቴምብር ላይ፥ በመታወቂያ ቁጥሬ አስመስክሬያለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ በሐረጎ፥
ከዳሽቦርዱ ላይ፥ ከታሪፉ ጎን
በላስቲክ ጠቅልዬ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት
በር ላይ ለመንገደኛ ሰጠሁና
ሁለት ሙሉ ዙር ጭኜ ዋልኩ፤ አልበላሁም።

ማክሰኞ ተጋቡ። ዝናብ ነበር አሉ።
አሥር ደቂቃ ነው፥ እልል ያለ የለም።
ሰፈሩም ፈረደ፦ «በቃ፥ እዚያው ቀረች!»
ረዳቴ ፉአድም፦ «ደርሶ መመለስማ
እብድ ነው የሚመለስ!»

በሰማንያ ሰባተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፦
«እብሬ፥ ኮምቦልቻ ነኝ። ወደ ላይ ትወጣለህ?»

ጋቢና ተቀመጠች፥ ቀለበቷ ሰፍቷት
በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች።
«እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ ባለቤት ሆኖ መቅረት፥
እሱ አልሆነልኝም፤ ፈርሜ ነበር እኮ።
የሚስትነቱን ቪዛ ከዚሁ እጠብቃለሁ።»
«ስንት ጊዜ?» «ዓመት ይላሉ። ቢበዛ ሁለት።»
«ሰውየውስ?» «አለቀሰ። ጀልባውን ይጠግናል።»

መታጠፊያው ላይ ማርሽ ቀንሼ
«አይገባኝም» አልኳት።
የቱን ማለቴ ነው? ነገሩ ጠፍቶኝ፥
ወይስ ለእኔ የሚገባ እንዳይደለች ገብቶኝ?
ጉሙ ተቀበለን። መብራት አበራሁ።

«ስምህን» አለች ድንገት፥ «እዚያ ሲያነቡት
አጣመው ጠሩት፤ ሳቄ መጣ፥ ከዚያ
ሳቄን ዋጥኩት።»

ሰኞ ገበያ ስንደርስ ፉአድ እጁን ዘረጋ፥
«የጋቢናዋ፥ ሒሳብ!»
ቦርሳዋን ከፈተች፤ የውጭ ሳንቲም
ከብሩ ጋር ተደባልቆ ተንኮሻኮሸ።
በመስታወቱ አየሁት፦
«ተከፍሏል» አልኩት።