ከዜሮ እስከ አስር

«ሕመምህ ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ አስር?»
ትላለች ጂንሲ ነርሷ፣ ቆማ ከአልጋዬ ሥር።

እኔ ቁጥር አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት
ሱሃር ወደብ ላይ፣ ከክሬን መስታወት ቤት፣
ኮንቴይነር ስደምር፣ መርከብ ሳራግፍ ነው
ጢሜን ያሸበትኩት፤
ከእምብርቴ በታች ያለውን ነገር ግን
በቁጥርም በስምም አንድ ቀን አልጠራሁት።

«አራት» አልኳት።
አራት ምን እንደሆነ አላውቅም።
ሦስት ብል ይንቁኛል፣ አምስት ብል ይሰሙኛል፤
አራት አያሳፍርም።

ሐኪሙ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ሥሎ፦
«እጢዋን አውጥተን ቱቦውን ከፊኛህ መልሰን እንሰፋለን።
ነርቩን እናደንዛለን፣ ቀላሉን ኪኒን በየሰዓቱ እንሰጣለን፣
ብርቱውን፣ የሞርፊንን ወገን፣ ለክፉ ሰዓት እናቆያለን።
አንጀት ያስራል፣ ያፈዛል፣ ሲለምዱትም አይለቅም» ብሎኝ ነበር።
እኔ በሆዴ፣ «ለባዕድ ሰው ሲሆን መድኃኒትም ይሰሰታል!» አልኩ።
ሐሜቴን ይዤ ተኛሁ።

በመጀመሪያው ሌሊት አንዲት ሳል መጣችና
ስፌቴ እንደ ሸራ ሊተረተር ቃጣ።
ጂንሲ ሮጣ መጥታ ትራስ አስታቀፈችኝ፣
«አጥብቀህ ያዘውና ሳል፤ እንደ ልጅህ» አለችኝ።
ትራስ አቅፌ ሳልኩ፣ በአምሳ ስምንት ዓመቴ።
ልጄን ያቀፍኩበት ቀን
ብፈልገው፣ ብፈልገው፣ አልመጣም ከፊቴ።

ነጩ ፍሬ ይመጣል፣ ያው ሱቅ የሚሸጠው፤
ሰዓታት ቆይቶ ሌላው፣ እብጠት የሚያበርደው፤
ሳልጮህ ነው የሚደርሰው።
ሕመም እንደ ዱቤ ነው፣ ሲጠራቀም ነው የሚከብደው።
ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ቶን ብረት
በአንድ ገመድ አንጠልጥዬ አላውቅም፤
አራት ማዕዘን ይዘን ነው፣ እያንዳንዱ ድርሻውን፣ ቀስ እያልን፣
የምናወርደው።

ጎረቤቴ ሻምቤ፣ በሉቹ ዓሣ አጥማጅ፣ «ሰባት!» ብሎ ያለቅሳል፣
ሲሻለው ደግሞ ዞሮ እኔን ያበሽቃል፦
«አንተ ሐበሻ፣ ያ አራትህ አያድግም?
ዓሣ እንኳ መንጠቆ ሲነክሰው ይዘላል።»

በሁለተኛው ሌሊት ዘለልኩ።
«ስንት?»
«ስምንት።»
ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰረቅሁት ዕቃ መሰለኝ።
ጂንሲ አልሳቀችም፣ አልገረማትም። ሌላ ነርስ ጠርታ፣
የተቆለፈውን ሣጥን በሁለት ቁልፍ ከፍታ፣
አንዲት ፍሬ አወጣች።
ሁለቱም ፈረሙ፣ እንደ ኒካህ ምስክር።
ተኛሁ። ወደብ የለ፣ መርከብ የለ፣ ቁጥር የለ።
ስነቃ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤
ስምንቱ ሄዶ ነበር።

በማግሥቱ ኮሪደሩን ሄድኩት፣
የሽንት ከረጢቴን እንደ ፋኖስ አንጠልጥዬ።
በመስኮቱ ማዶ ባሕሩ በሙቀት ነጥቶ፣
ተራ የሚጠብቁ መርከቦች።
ስወጣ ለቤት ሦስት ብርቱ ፍሬ ሰጡኝ፤
ከሳምንት በኋላ ሦስቱንም ለፋርማሲስቱ
ቆጥሬ መለስኩለት። ቆጥሮ ፈረመልኝ።

ያን ማታ ወደ ሐይቅ ደወልኩ፣ ለሰዓዳ።
የኩላሊት ጠጠር ነው ብያት ነበር፤ አስተካከልኩ።
ስለ ዳይፐሩ ነገርኳት። ሐኪሙ «በጊዜው ሊመለስ ይችላል፣
ላይመለስም» ስላለው ስለዚያ ስለ ሌላው ነገርም፣ በስሙ ጠርቼ።
ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
«አሁንስ ያምሃል?»
«ስስል። ግን ትራስ አቅፋለሁ።»
«ምን ታቅፋለህ?»
«ትራስ። ያዙልኝ ነው።»
ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ምናልባት ሣቅ ነበር።

«በል፣ ስትመጣ
ትራሱን እዚያው ተወው።»