ከግድቡ በታች

ሞራቪያ ውስጥ፣ ከብርኖ ወዲያ፣ ሊፖቭካ የሚሏት መንደር፣
አራት ሜትር ተኩል የቆመ አፈር፤
ከኋላው ኩሬ፣ ከኩሬው ዳር የእንጨት መሰላል፣
ሁለት ጀልባ፣ አንዱ ያፈሳል።
ይኸው ነው ግድቡ። መብራት አያመነጭ፣ እርሻ አያጠጣ፤
ሰው በሐምሌ ሊዋኝ፣ በጥር በበረዶው ሊንሸራተት እንዲመጣ፣
ሟቹ ኦታካር ሁለት በጋ በአካፋ የከመረው፣
«ባሕሬ» እያለ የጠራው።

ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ በየመስከረሙ ስመጣ፣
ቡትስ አጥልቄ፣ ዘንግ ይዤ፣ ግርጌው ስወርድ አናቱ ስወጣ።
የጥርጣሬ ደመወዝ ነው የምበላው፤
ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ይህን ነው በሰው ቋንቋ ስተረጉም የምውለው።
የፍልፈል ጉድጓድ በጣቴ እለካለሁ፤
ሣሩ ከወትሮው ከለመለመ፣ ለምን ለመለመ እላለሁ።
ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፦
መጀመሪያ ላብ፣ ቀጥሎ እንባ፣ ከዚያ መንገድ።

ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ።
አንደኛው «ይዞታ» ይላል፦ ምን ተሰነጠቀ፣ ምን ዘመመ፣ ምን ጎደለ።
ሁለተኛው ግድቡን አይጠይቅም ጨርሶ፤
«ቢናድስ» ይላል፣ «ውሃው በሌሊት ገስግሶ፣
ከታች ማን አለ?»

ከታች የነበረው ረግረግ፣ የአኻያ ቁጥቋጦ፣
አንድ የተረሳ የድርቆሽ ቤት፣ ጣራው ተገልብጦ።
ሃያ አንድ ጊዜ ጻፍኩ፦ ዝቅተኛ።
ቭላስታም፣ ባሏን የቀበረችው፣ እንደ ሽልማት ሰማችኝ፤
የፕለም ኬክ ቆርሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ዘንድሮ ከአናቱ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣
ቀይ ጣራ። አዲስ። ጭስ ከላይ።
ገመድ ላይ ሰባት ካልሲ፣ ሁሉም አውራ ጣቴን የሚያክል፤
ቢጫ ሸርተቴ፣ የአሸዋ ክምር፣ የተደፋ ባልዲ ከመሃል።

ግድቡን ዞርኩት። ያው አምናው ነው፤ አልዘመመም፣ አልተሰነጠቀም፤
ያው ሸክላ፣ ያው ሣር፤ ላቡ ማንኪያ አይሞላም።
ይዞታ፦ ደህና። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ፣
ሁለተኛው ሳጥን በር ላይ፣ እንደ ታመመ።
ጻፍኩ።
ከፍተኛ።

«ምን አደረገ ግድቤ?» አለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«አንዲት ጠጠር እንኳ አልወደቀችም ተንከባላ!»
«ምንም አላደረገም» አልኳት፤ «ጎረቤት መጣበት።»
ወረቀቱን ሁለቴ አነበበች፤ ነፋሱ ጫፉን እያርገበገበባት።
የቀረውን አልነገርኳትም፦ ማስተንፈሻው ይስፋ፣ ደወል ይተከል፣ መሐንዲስ ይምጣ፤
የሦስት ዓመት ጡረታዋ ነው፣ ከየት ታምጣ?

ሲመሽ፣ መኪናዬን ሳስነሳ፣ በመስታወቱ አየኋት፤
መዝጊያው ላይ ተንበርክካለች፣ መንጠቆው በእጇ፣ ወገቧን እያመማት።
ጣውላውን አንድ በአንድ፣ በሰባ ስምንት ዓመቷ።
ባሕሩ አንድ ጣት ዝቅ አለ።
ከቀዩ ጣራ ወጣቱ ወጣ፣ ጥቂት ቆመ፣
ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቅ
ሁለተኛውን መንጠቆ ተቀበለ።

አንድ ነገር ግን እስከ ብርኖ ድረስ አንጀቴን ነካ፦
«ዝቅተኛ» ማለት ምስጋና አልነበረም ለካ።
ብትፈርስ የሚነቃ የለም ማለት ነው፤
ብትናድ ቁጥቋጦ ነው የሚረጥበው።

አሳንሰሩ ተበላሽቷል፤ ደረጃዬን ቆጥሬ ወጣሁ፤
አራተኛ ፎቅ። መብራት ሳላበራ፣ ከቧንቧ ቀድቼ ጠጣሁ።
ይዞታዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ በብርድ ይንቋቋል።
ሁለተኛው ሳጥን…
ከወለሉ ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ስሙን የማላውቀው ሕፃን ይስቃል።
ተመልሼ
ቧንቧውን አንድ ጊዜ ደግሞ አጠበቅሁት።