ሁለቴ ጠቅ ያለው ማቀዝቀዣ

ግድግዳችን ስስ ነው፣ ሳል ያሳልፋል፤
የታውኖ ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ቤት ይጮኻል።
ስምንት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈስንም፣
በስጋጃ ማራገፊያ ብረት ተጣልተን።
ጥፋቱ የሱ ነው። ይህን አልለውጥም።

ግን ሰዓቱን አውቃለሁ።
ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታም አንድ ሰዓት
ማቀዝቀዣው ጠቅ ይላል፣ ብልቃጧ ትወጣለች፤
ሐኪሟ ሲርካ ያለችውን ለራሱ ይደግማል፦
«አትነቅንቀው። በመዳፍህ መሃል አንከባልለው።
ቀድማ ትብላ፤ ካልበላች አትውጋት።
ቆዳዋን ከትከሻዋ ላይ እንደ ድንኳን አንሳው።»
ከዚያ ድምፁ ይለዝባል፦
«ናፒ፣ የኔ ቁልፍ፣ አንዴ ብቻ፣ አለቀ።»

አርባ ዓመት መርከብ የበየደ እጅ፣
ብረትን ከብረት ያጋባ፣
ከፀጉር የቀጠነ መርፌ ይዞ ይንቀጠቀጣል።
አላየሁም። ዝምታውን ሰምቼ ነው።

የካቲት ነበር። ቱርኩ ነጭ፣ አውራ ወንዝ በረዶ ለብሶ።
አንድ ሰዓት ላይ ጠቅ አለ።
አንድ ተኩል ላይ
ደግሞ ጠቅ።
ወተት ነው አልኩ። ቅቤ ነው አልኩ።
«አንዴ ብቻ፣ አለቀ» ሲል ግን ዳግመኛ ሰማሁ፤
የሹራቤ ጥልፍ ቁጥሩ ጠፋብኝ።
ከበሬ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው፤
ኩራት ተሸክመውት ስድስት እርምጃ አያስኬድም።
እስከ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ፤
ቀላል ነገር፣ አራት እግር ያለው።

የማር ማሰሮዬን ይዤ አንኳኳሁ።
ድመቷ ክንዱ ላይ ናት፣
አንገቷ እንደ ረጠበ ፎጣ፣ ዓይኗ የትም የማያይ።
«ኢርያ፣ ሁለቴ ወጋኋት?» አለኝ።
የራሱን ምሽት
ከኔ ጠየቀ።
«ሁለቴ» አልኩት።

ስኳር በዛባት ተብላ ዓመት የተወጋች
ስኳር አጥታ ልትሞት!
በጣቴ ማር ድዷን ቀባሁ፤
እሱ የሲርካን ቁጥር ረሳው፣
እኔ ነገርኩት፤ ከግድግዳው ተምሬዋለሁ።
ጆሮዋን ወጋን፤ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ደም፤
መሣሪያው አሰበ፣ አሰበ፣
ያወጣው ቁጥር ትንሽ ነበር።
«አሁኑኑ አምጧት» አለች ሲርካ።

ታክሲው ውስጥ፣ በጉልበቶቻችን መካከል፣
ምላሷን አወጣች፣ ጣቴን ላሰች፣
ላሰችና ነከሰችኝ።
ታውኖ አለቀሰ።
ጠባሳው ይኸው።

አሁን በበሮቻችን መካከል የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፣ እርሳስ በክር።
ሲወጋት አንድ ጭረት ያሰምራል።
ጭረት ከሌለ አንኳኳለሁ፤
ሁለት ከሆነ፣ አንዳንዴ ሁለት ነው፣
ማሰሮውን ይዤ እገባለሁ።
ሐኪም ይይህ ብየዋለሁ፤ የሰው ሐኪም።
«ነገ» ይላል።

የስጋጃው ብረት ጉዳይ ግን
ዛሬም ጥፋቱ የሱ ነው።