ባዶው ግድብ

እዚህ ታች ፀሐይ ነው፤ ደቻቱ ደርቋል፣
ባጃጁ በወንዙ ሆድ አቧራ ያጨሳል፤
ነጂማ ልባሽ ጨርቅ አሸዋው ላይ ዘርግታ፣
«በመቶ! በመቶ!» አላፊ አግዳሚውን ጠርታ፣
«አቦ ሰማዩን እይ፣ አንድ ደመና አለች?»
ብላ ትስቃለች።

እዚያ ላይ ሌላ ነው።
ደንገጎ ጠቁሯል፤ ጋራው ጉም ለብሷል፣
ሮብሌ ከግድቡ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።
ዝናብ ሲጥል ተወልዶ ስሙ ዝናብ ሆነ፣
ሲያድግም ዝናብን ሊጠብቅ ታመነ።
የለበሰው ጃኬት የነጂማ ዱቤ ነው፤
ሦስት ወር አልፎታል፣ ስትደውልለት መልሱ ዝምታ ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠይቀዋል፦
«ይሄ ሁሉ ግንብ ምኑን ይጠብቃል?
ውሃ የለው፣ ዓሣ የለው፣ ለመስኖም አልበቃ፣
ለባዶ ጉድጓድ ነው ይሄ ሁሉ ጥበቃ?»
ሮብሌ ጫቱን ከጉንጭ ጉንጭ አዙሮ፣
«ባዶነቱ ነው ሥራው» ይላል አሳጥሮ፤
«የሞላ እንስራ ምን ውሃ ይቀበላል?
ጎርፍ ቀጠሮ የለው፤ ሲመጣ ቦታ ይሻል።»

ነሐሴ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ቦታ የሚሻው መጣ፤
ከነሥሩ ቁልቋል ተሸክሞ፣ እያገሳ በቁጣ።
ግድግዳው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፉት ቁጥሮች
አንድ በአንድ ጠፉ፦ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት።
ሰባት ሲሰምጥ ለቀበሌው ደወለ፣
ለመስጊዱ ደወለ፣ ለባቡር ጣቢያው ዘብ ደወለ፣
ከዚያም ለነጂማ።
ዕዳውን ሊከፍል መስሏት ቶሎ አነሳች።
«ከአሸዋው ላይ ውጪ!»
«ምን ሆነሃል አቦ? ሰማዩ እኮ ኮከብ ብቻ ነው!»
«አንቺ የምታዪው የእኔን ሰማይ አይደለም። ውጪ!»

ግድቡ ጎርፉን አላስቀረም፤ ማን አስቀርቶት ያውቃል?
የአንድ ሰዓቱን ቁጣ ለሌሊቱ ሙሉ አካፍሎ ሰፍሮታል፤
በጠባብ አፉ እየቆነጠረ፣ እየለካ፣
ከተማዋ እስክትነቃ፣ ልጅ እስኪታቀፍ፣ በር እስኪንኳኳ።
ወንዙ ግን ወረደ፤ ድንኳኖቹን በላ፣
ሰው አልበላም።

በማግስቱ ነጂማ ጭቃውን እየረገጠች፣
«እንግዲህ ግድብ አለን፤ ልጄ እዚሁ ዳር ቤት ይቀልስ» አለች።
ሮብሌ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።
«ዘጠኝ ላይ ነው ቁጥሩ የሚያልቀው፣ ነጂማ፤
ከዚያ በላይ ግንቡ ራቁቱን ነው።
እኔ የምፈራው ያልተጻፈውን ነው።
ተኝተሽ እደሪ ብዬሽ አላውቅም፤
ስልክሽን ክፍት አድርጊ ነው ያልኩሽ።»

ዝም አለች። ከጭቃው አንድ እጅጌ መዝዛ ጨመቀች።
«ነፍሴን አተረፍክ፤ እሱን አላህ ይክፈልህ» አለች፤
«ጃኬቱን ግን አንተ።»

ከሰዓት፣ ሮብሌ በሩን ከፍቶ፣
የቀረውን ውሃ ቀስ በቀስ ሸኝቶ፣
አካፋውን በትከሻው፣ ደለሉን ሊዝቅ፣
ባዶውን መልሶ ባዶ ሊያደርግ
ወረደ።