ከስሙ በፊት

ስልክ ሳይዘረጋ ቺሎዌ ደሴት ላይ፣
ዝናቡ ሲወርድ ከማይጠራ ሰማይ፣
ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሬዲዮ ሲከፈት
ድንች የሚልጥ እጅ ይቆማል ለጥቂት፤
ኦቲልያ ታነባለች የየቤቱን መልእክት።

«ለዶን ባልዶሜሮ፦ አሳማው ተሽጧል።
ለኬይሌን ሰዎች፦ ሐኪም ሐሙስ ይመጣል።
ለኤርሚንዳ፣ ከእህቷ፦ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣
አፍንጫው ያባባ ነው፤ ስም ካንቺ እጠብቃለሁ።»

ድምጿ ሜዳ ነበር፣ ዳገት የሌለበት፣
ልደትና አሳማ እኩል የሚያልፍበት።
ባንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤
ጠዋት ሰው ከሰው ጋር ይጠያየቃል፦
«ሐኪሙ መቼ ነው? ሐሙስ ነው? ቅዳሜ?»
«ሰምቼው ነበረ፤ ጠፋኝ፣ ወንድሜ።»

አንድ ማታ ግን ቆመች።
ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አንድ ትንፋሽ ዋጠች።
መብራት በጠፋበት ደረጃ እንደሚወርድ፣
እርከን በእግሩ ዳብሶ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ
ሰው ሆነ ድምጿ፤ ወረደ፣ ወረደ፣
«ለሮሴንዳ...» አለች።

እናቴ ነች ሮሴንዳ።
የድንቹ ልጣጭ፣ ረጅም፣ ሳይበጠስ፣
ከቢላዋው ጫፍ ላይ ቀረ ሲመላለስ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። የዚያን ማታ ነገር
መንደሩን ብጠይቅ፣
ሁለት ሰው አላገኝም አንድ ቃል የሚናገር።
ፋውስቲኖ «ጀልባው ተገልብጧል» ነው ያለችው ይላል፤
አክስቴ «ሬሳው ወጥቷል» ብላለች፣ ብላ ትምላለች፤
እሱ ማክሰኞ ነው ሲል፣ እሷ ዓርብ ትላለች።
ስለዚያች ዝምታ፣ ከስሙ በፊት ስለነበረችው፣
ስጠይቃቸው ግን
ሁሉም እጁን ያነሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣
ርዝመቷን ያሳየኛል፤ ልኩ አንድ ይሆናል።

ሄድኩ ወደ ኦቲልያ። ከቁም ሳጥኗ ሥር
አወጣች የድሮውን የወረቀት ክምር።
አርጅታለች፤ ግን ሳትፈልግ፣ ባንዴ፣ አገኘችው።
«ለሮሴንዳ፦ ባልሽ ዘግይቷል። ለእራት አትጠብቂው።»
ይኸው ነው።
ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ታዲያ ምነው?» አልኳት።
«ወረቀቱን ያቀበለኝ የወደቡ ሰውዬ
ዓይን ዓይኔን አላየኝም፤ ያኔ ገባኝ፣ ልጄ።
እኔ ያነበብኩት እሱን ነው» አለችኝ።

ዛሬ የራሴን ልጅ ከጓሮ ስጠራ፣
ምሳ ደርሷል ለማለት፣ ወይ ለተራ ሥራ፣
ስሟን በሩጫ ነው፣ ባንድ ትንፋሽ የምለው፤
በፊቱ ክፍተት የለም፣
ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አልተውም።