ቀይ ወይስ አረንጓዴ?

ከሶኮሮ መውጫ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣
አለ አንድ ቀይ ጣሪያ፣ ቢጫ መብራት አስሮ፤
«ካንደላሪያ በርገር» ይላል ሰሌዳው፣
አንድ ፊደል ጨልሟል፣ ማንንም አልጎዳው።

ከኒው ሜክሲኮ ወጥቶ አያውቅም ይህ ስም፤
ቴክሳስ ቢለምነው ድንበር አይሻገርም።
ከዴንቨር የመጣ ልጅ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ፣
እናቱን ሳይስም ይሰለፋል ከመንገድ።

እዚህ መስኮት ላይ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፣
የብረቱ ጠርዝ ክርኔን እየላጠኝ።
ጥያቄዬ አንድ ናት ከጠዋት እስከ ማታ፣
ለዳኛ፣ ለሾፌር፣ ለሕፃን፣ ለጌታ፦

«ቀይ ወይስ አረንጓዴ?»

ከሃች እርሻ ቃሪያው፣ ነሐሴ ሲወጣ፣
በሽቦ በርሜል ውስጥ እሳት ላይ ሲንጣጣ፣
መኪና ማቆሚያው ዓይን ያስለቅሳል፣
አላፊው መስኮት ከፍቶ ጢሱን ይቀምሳል።
በርበሬው ግን ታጋሽ፣ በዘለላ ተሰቅሎ፣
ፀሐይ አስተማረችው መንደድን ቀስ ብሎ።

ኤሎይ ሉሴሮ ቀይ። ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው።
ሚስቱ ፕሪሚቲቫ አረንጓዴ፣ እስከ መቃብር።
አርባ አንድ ዓመት ጋብቻ፣ አንድ አልጋ አንድ ዕዳ፣
በዚች ብቻ አልታረቁም፣ በትሪዋ ሜዳ።
«ቃሪያ ሣር ነው» ይላል፤ «በርበሬህ አቧራ!»
ትለዋለች እሷ፤ ሰልፉ ይስቃል በተራ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ በአሮጌ ፒክአፓቸው፣
ሁለት የወረቀት ከረጢት በየጭናቸው።

ግን ምስጢር አለብኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኤሎይ ብቻውን ነው፤
«አረንጓዴ» ይለኛል፣ እንደሚናዘዝ ሰው።
ከመሪው ሳይነሳ በሦስት ጉርሻ ጨርሶ
ይሄዳል፣ ጢሙን በእጅጌው አብሶ።
ረቡዕ ደግሞ እሷ፣ ከጸሎት ስትመለስ፣
በእህቷ መኪና፣ «ቀዩን» ትላለች፣ «እስኪፈስ!»
እኔስ? ናፕኪን አበዛለሁ፣ አፌን እለጉማለሁ፣
ሁለት ክህደት ይዤ ድንች እጠብሳለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ግን፣ ቀለል ባለ በረዶ፣
ፒክአፑ መጣ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነዶ።
«ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» አልኩ፣ ለደንቡ ያህል።

ዝም።
የመስታወቱ መጥረጊያ ሄደ፣ መጣ።
እሷ በጣቷ ይዛለች ደረቅ የቃሪያ ልጣጭ፣
ከወንበሩ ስንጥቅ ያገኘችውን።
እሱ የሚያየው የእጅጌዋን ጫፍ ነው፣
ታጥቦ ያልለቀቀውን ቀይ።

በዚህ ግዛት ደንብ ነው፤ ሁለቱን ለሚሻ፣
የበዓሉ ስም ይበቃል፣ ለአንዲት ጉርሻ።

«ወሰናችሁ?» አልኩ።
«ገና» አለ ኤሎይ፣ ወደ ፊት እያየ።
«ገና» አለች እሷ፣ ወደ ጎን።

ጆሮዬ በገዛ ቋንቋው ሰማው።
ታርቀው ይሁን፣ ሳይወስኑ፣ አልጠየቅኩም፤
ከኋላ አንዱ ጥሩንባውን ነፋ፣
እኔም ጭልፋዬን
ከሁለቱም ድስት ነከርኩ።